የአባ ተስፋ ጽዮን ታሪክና በሮማ የነበረው የኢትዮጵያውያን የእንግዳ ቤት

ከሦስት ዓመት በፊት፣ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አባቴ በሶውንና ድርቆሹን በአህያ ጭኖ እኔን አስከትሎ ወደ የጁቤ ከተማ አወጣኝ። መንደራችን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ ስለ ሆነ በየቀኑ ተመላልሶ መማር አይቻልም። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ቤት ተከራይቼ መማር ነበረብኝ። ያን ዕለት ከጧት እስከ ማታ በየደጃፉ ስንዞር ዋልን። አባቴ በደረሰበት ሁሉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንደኛው ኪራዩ ስንት እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው በሩ ከውስጥ ይዘጋ እንደ ሆነ። ርካሹ ቤት በሩ አይዘጋም፤ በሩ የሚዘጋው ቤት ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነበር። በመጨረሻ ከሌሎች ሁለት ልጃገረዶች ጋር የምንካፈለው፣ በወር 600 ብር የሚከፈልበት አንድ ክፍል አገኘን። አባቴ መዝጊያውን ደጋግሞ ነካክቶ ምንም ሳይናገር አህያውን ነድቶ ሄደ።

በጥር ወር አንድ ሌሊት ያልታወቀ ሰው በሩን ይገፋ ጀመር። እኛ ሦስታችን የእህል ጆንያችንንና ሳጥናችንን ከበሩ ሥር ደርድረን፣ በላዩም ተቀምጠን እስኪነጋ ቆየን። በማግሥቱ ለቤቱ ባለቤት ብንነግረው ቁልፍ የምትፈልጉ ከሆነ ራሳችሁ ግዙ አለን። ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ ወሬውን ሰምተው ጓዳቸውን ለቀቁልን። እነሆ እስከ ዛሬ ከእርሳቸው ጋር ነን። ስለ ራሴ ይህን ያህል ካልሁ ይበቃል፤ የተረከልኝን ሰው ታሪክ ስጀምር አንባቢ ለምን እርሱን እንደ መረጥሁ እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው።

ለዚህ ለዓመቱ መጽሔታችን እያንዳንዱ ጸሐፊ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን የአንድ ስመ ጥር ሰው ታሪክ እንዲጽፍ በታዘዘ ጊዜ፣ የክፍል ጓደኞቼ ነገሥታትንና የጦር ጀግኖችን ተሻሙባቸው። በላይ ዘለቀን ብቻ አራት ሰዎች መረጡት፤ ለጎጃም ልጅ ይህ የሚያስገርም አይደለም። እኔ ግን በአውሮፓ ከተማ ውስጥ ለመጻተኛ ወገኖቻቸው ማደሪያ የነበረውን ቤት ይዘው፣ በዚያ ቤት ተቀምጠው ታላቅ ሥራ የሠሩትን መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮንን መረጥሁ። ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ነገሩ የተፈጸመው በዚያ ስለ ሆነና ሁለቱን አቆጣጠር ማቀላቀሉ አንባቢን ስለሚያደክም ነው።

ተማሪ ከቤቱ ወጥቶ በሰው አገር ማደሪያ መፈለጉ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አያቴ በልጅነታቸው ቅኔ ለመማር ከዚህ ከየጁቤ አገር ተነሥተው በእግራቸው ወደ ቢቸና አልፈው ዲማ ጊዮርጊስ ገብተዋል፤ ከዚያም ወደ ሞጣ ተሻግረዋል። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ ከየመንደሩ ቁራሽ እየለመኑና ከውሻ ጋር እየታገሉ የተማሩትን ሲያወሩ እኛ ልጆች እንስቅ ነበር። እርሳቸው ግን አንድ ነገር ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ ይኸውም የመጀመሪያዋን ሌሊት ነው። አዲስ የመጣ ተማሪ በዚያች ሌሊት ጎጆ ከሌለው የሚያድረው ከሜዳ ነው። ጎጆውም ከሣርና ከእንጨት በተማሪ እጅ የተሠራ፣ የሚሄደው ለሚመጣው እየለቀቀው የሚሄድ ነበር። ይህን ልማድ አንባቢ ያስበው፤ አሁን ወደማወራው ወደ ሮማው ቤት ሲደርስ ይጠቅመዋል።

ከአገራችን ወደ አውሮፓ የሚወስደው የጥንቱ መንገድ ዛሬ በአውሮፕላን በአንድ ሌሊት እንደሚበረረው አልነበረም። ተጓዡ በግብፅ በኩል ወይም በቀይ ባሕር አድርጎ ኢየሩሳሌም ይደርሳል። በዚያ ወገኖቹ የሆኑ መነኮሳት ይቀበሉታል። ከኢየሩሳሌም ወደ ያፋ ወደብ ወርዶ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ደሴት ይሻገራል። በቆጵሮስም በኒቆስያ ከተማ ኢትዮጵያውያን ነበሩና በዚያ ያርፋል። ከዚያ ወደ ቬኔዚያ፣ ከቬኔዚያ በእግሩ ወደ ሮማ ይሄዳል። እንግዲህ መንገዱ የተሠራው ከድንጋይ ሳይሆን ከማረፊያ ቤቶች ነበር ማለት ይቻላል። አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል የቬኔዚያ ሰው ከ1519 እስከ 1524 ባሉት ዓመታት ወደዚያ የመጡትን የኢትዮጵያ መነኮሳት እየጠየቀ፣ ከየት ተነሥተው በየትኛው አገር በኩል እንዳለፉ ጽፎ አቆይቶአል። ዛሬ ሰው ከመጓዙ በፊት የቀደመውን ሰው ስለ መንገዱና ስለ ማደሪያው እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ያኔም የሚያውቅ ሰው ቃል ትልቅ ዋጋ ነበረው።

በአውሮፓ የነበረው የኢትዮጵያ ሰው ሁሉ ግን ደኅና ማደሪያ አላገኘም። ከእኛ ከምሥራቅ ጎጃም ብንነሣ፣ መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ልከው ነበር። እርሱም በ1514 ሊዝበን ደረሰ። ከእርሱም በኋላ በ1527 ጸጋ ዘአብ የሚባሉት የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ወደዚያው ከተማ ሄዱ። ጸጋ ዘአብ የንጉሥ መልእክተኛ ስለ ሆኑ ጣሪያና ምግብ አላጡም፤ ነገር ግን የአገሩ ሊቃውንት ሃይማኖታቸውን ስለ ጠረጠሩ ከምእመናን ጋር እንዳይቆርቡ ከለከሏቸውና ብዙ ዓመት በኀዘን ተቀመጡ። በሰው ቤት እንግዳ ሆኖ በየቀኑ መመርመር ሜዳ ላይ ከማደር ይሻላል ወይስ አይሻልም፤ ይህን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ሮማ ግን ከሊዝበን በአንድ ነገር ትለይ ነበር። ሮማ የሕዝቡ ሁሉ መሳለሚያ ስለ ነበረች ከየአገሩ የሚመጣው ሰው ስፍር ቁጥር አልነበረውም። እንግዳ የሚያሳድሩ ቤቶችም በከተማው በተለይም ካምፖ ዴ ፊዮሪ በሚባለው ሜዳ ዙሪያ በብዛት ነበሩ። እንግዳው ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ፣ ዋጋውን የማያውቅ ከሆነ፣ ወጣት ከሆነ ምን እንደሚያገኘው መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ አገሮቹ ለየራሳቸው ሰዎች ቤት ማዘጋጀት ጀመሩ። እንግሊዞች በ1362 ለወገኖቻቸው የሚሆን ቤት ገዙ፤ ጀርመኖችም ሳንታ ማሪያ ዴል አኒማ የሚባለውን የእንግዳ ቤት አቆሙ፤ ሀንጋሮችና ስዊድኖችም እንዲሁ አደረጉ። የኢትዮጵያውያን ቤት ደግሞ ከታላቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንና በአጠገቡ ያለው መኖሪያ ነበር። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ፣ በጳጳሱ በሲክስቶስ አራተኛ ዘመን፣ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ተለየላቸው። የሮማ ሰዎችም ሳንቶ ስቴፋኖ ዴይ ሞሪ ይሉት ነበር፤ የጥቁሮቹ እስጢፋኖስ እንደ ማለት ነው። በኋላ ዘመን የሐበሾች እስጢፋኖስ ተባለ።

ይህ ቤት ገና ከመጀመሪያው የመኝታ ቤት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ከተማ ጀርመናዊ ቄስ በ1511 በሮማ ሳለ መነኮሳቱ በማያውቀው ቋንቋ ሲዘምሩ ሰማ። ከዜማው መካከል የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም ለይቶ አወቀ፤ ነገሩም ገረመውና ወደ እነርሱ ሄዶ መማር ጀመረ። በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በዓለም ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ ይኸው ነው። በእንግዳ ቤት ግድግዳ አጠገብ የሚያልፍ አንድ ጆሮው የነቃ ሰው በመገኘቱ የመጣ ነገር መሆኑን ሳስብ ይደንቀኛል።

አሁን ወደ አባ ተስፋ ጽዮን እመለሳለሁ። እርሳቸው በሸዋ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኩሴ ነበሩ። የኖሩበትም ዘመን ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ እኛ ግራኝ የምንለው፣ አገሪቱን በጦር የመታበት ዘመን ነው። በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። በየገዳሙና በየደብሩ ብዙ ዘመን ሲጻፉ የኖሩ የብራና መጻሕፍት ከነማኅደራቸው ነደዱ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ አምባ ሲሸሹ ኖረው በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፉ። እንዲህ ባለው ዘመን አባ ተስፋ ጽዮን ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር ከአገር ወጥተው፣ የ1530ዎቹ ዓመታት ወደ ማለቁ ሲቃረቡ፣ ሮማ ደረሱ። በሻንጣቸው የያዙት ልብስና ስንቅ ብቻ አልነበረም፤ የሐዲስ ኪዳን የብራና መጻሕፍት ይዘው ነበር። ከእሳት የተረፈ መጽሐፍ ተሸክሞ ባሕር መሻገር ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ብራና እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ የአገራችን ደብተራ ይረዳዋል።

ሲደርሱ ሮማ ራሷ ያገገመች ከተማ አልነበረችም። በ1527 የንጉሠ ነገሥቱ የካርሎስ ወታደሮች ገብተው ዘርፈዋት ነበር። የቅዱስ ጴጥሮስም ቤተ ክርስቲያን የዛሬው መልኩ አልነበረውም። አሮጌው ግማሹ ፈርሶ፣ አዲሱ ገና ግማሹ ተሠርቶ፣ ቦታው የድንጋይ ክምርና የእንጨት መሰላል ነበር። ሠዓሊው ሚኬላንጄሎ በዚያ አካባቢ በሲስቲን ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ የመጨረሻውን ፍርድ በ1541 ፈጽሞ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የዚያው የቅዱስ ጴጥሮስ ሕንፃ ሥራ አለቃ ሆነ። እንግዲህ አባ ተስፋ ጽዮንና ባልንጀሮቻቸው ማለዳ ለጸሎት ሲነሡ በጎረቤት የግንበኛው መዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር ማለት ነው።

በሮማ ስማቸው ተለወጠ። ተስፋ ጽዮን ማለት ለጣልያኖቹ አፍ ስላስቸገረ ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ፣ አንዳንዴም ፒዬትሮ ኢንዲያኖ ተባሉ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሰው ኢትዮጵያንና ሕንድን እየቀላቀለ ይጠራ ነበርና። እርሳቸው ግን በዚህ የተቆጡ አይመስልም። ላቲንና ጣልያንኛ ተምረው ከታላላቆቹ ጋር መነጋገር ቻሉ። ከጳጳሱ ከጳውሎስ ሦስተኛ ዘንድ መወደድን አገኙ፤ ካርዲናሉ ማርቼሎ ቼርቪኒም ይረዷቸው ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊው ፓኦሎ ጆቪዮ ስለ ኢትዮጵያ የሚጠይቀው እርሳቸውን ነበር። በእንግድነት የመጡበትም ቤት በእርሳቸው ጊዜ ዋና ሰው አገኘ። ለቤቱ ነዋሪዎች የሚሆን ሥርዓትም በግዕዝ ተጻፈለት። በመጻተኛ ብዛት የተጨናነቀ ቤት ያለ ሥርዓት እንደማይሰነብት፣ ሦስት ሆነን በአንድ ክፍል የምንኖር እኛ እናውቀዋለን፤ ውኃ ማን እንደሚቀዳና ኩራዙን ማን እንደሚያጠፋ ሳይወሰን አንድ ሳምንትም አይታለፍም።

ይህን ያህል ከሮማ ሰዎች ጋር በመቀራረባቸው አባ ተስፋ ጽዮንን የሚወቅሱ ሰዎች አይታጡም። ነገሩ እውነትነት አለው። ቤቱ የጳጳሱ ቤት ነው፤ በጳጳሱ ቤት የሚያድር ሰው ጳጳሱን ማስደሰት ይኖርበታል። አባ ተስፋ ጽዮን የኢየሱሳውያንን ማኅበር ከመሠረቱት ከኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ጋርም ይተዋወቁ ነበር። በኋላ ያ ማኅበር ወደ አገራችን መጥቶ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ የደረሰውን የእርስ በርስ መተላለቅ ሁላችን በታሪክ ትምህርት ተምረናል። ዳሩ ግን የዚያን ጊዜውን ስደተኛ ከብዙ ዓመት በኋላ በመጣው መከራ መክሰስ አይገባም እላለሁ። እርሳቸው ራሳቸው በ1549 የቤተ ክርስቲያናችንን የጥምቀት ሥርዓትና የቅዳሴ ጸሎት ወደ ላቲን አስተርጉመው አሳትመዋል። በዚህም በሊዝበን ጸጋ ዘአብን ያስጠረጠረውን ሥርዓት የአውሮፓ ሊቃውንት ራሳቸው አንብበው እንዲያውቁት አደረጉ። በሰው ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው የራሱን ነገር ሳይደብቅ ማሳየቱ ድፍረት ነው እንጂ ማጎብደድ አይመስለኝም።

ታላቁ ሥራቸው ግን የሐዲስ ኪዳን መታተም ነው። ይህን ሥራ ለመረዳት የዚያን ጊዜውን የማተሚያ ቤት ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ፊደሉ አንድ አንዱ ከእርሳስ ይሠራል፤ ሲሠራም እንደ መስታወት ተገልብጦ ነው። ፊደል ለቃሚው ከሣጥን ውስጥ እያነሣ ይደረድረዋል፤ ቀለም ይቀባል፤ ወረቀቱ ላይ ይጫናል። ላቲን ከሃያ ጥቂት የሚበልጡ ፊደላት ሲኖሩት፣ ግዕዝ 26ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 182 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ 202 ይደርሳሉ። ለዚህ ሁሉ አዲስ የእርሳስ ፊደል መሠራት አለበት። ለቃሚዎቹ ደግሞ ጣልያኖች ናቸው፤ ካዕቡን ከሣልሱ፣ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ አይለዩም። መነኮሳቱ ደግሞ ማንበብ ይችላሉ እንጂ የእርሳስ ፊደል መደርደር አያውቁም።

አባ ተስፋ ጽዮን ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ ከተባሉት ሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው ይህን ሥራ ያዙ። ጳጳሱና ሌሎች ወዳጆች ለወጪው ረዱ። በ1548 አራቱ ወንጌላት፣ የሐዋርያት ሥራ፣ የዮሐንስ ራእይና ሌሎቹም ክፍሎች በቫሌሪዮ ዶሪኮና በወንድሙ ማተሚያ ቤት ታተሙ። በቀጣዩ ዓመት በ1549 ቀሪዎቹ የጳውሎስ መልእክታት ተጨመሩ። ከእጃቸው በነበረው የብራና መጽሐፍ ውስጥ ከሐዋርያት ሥራ ብዙው ክፍል ጎድሎ ስለ ነበረ፣ የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተርጉመው ሞሉት። መጽሐፉ በታተመ ጊዜ ስሕተት እንዳለበት አልሸሸጉም። በመጽሐፉ ውስጥ ለአባቶችና ለወንድሞች በጻፉት ቃል፣ አታሚዎቹ ማንበብ የማይችሉ፣ እኛም ማተም የማንችል ስለ ሆንን፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ሠራነው ብለው ይቅርታ ለምነዋል። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ አባ ተስፋ ጽዮንን ከቀድሞው ይበልጥ ወደድኋቸው። ታላቅ ሥራ የሠራ ሰው የሥራውን ጉድለት በመጽሐፉ ላይ አትሞ ሲያወጣ ብዙ አላየሁም፤ እኛ በፈተና ወረቀት ላይ እንኳ አንዲት ነጥብ ስትጎድል የምናደርገውን መምህሮቻችን ያውቃሉ።

ያን ሐዲስ ኪዳን በ1657 በሎንዶን በብዙ ቋንቋ በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንደገና አሳተሙት። በአውሮፓ ግዕዝን የተማሩ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን የተማሩበት መጽሐፍ ይኸው የአባ ተስፋ ጽዮን መጽሐፍ ነበር። ከእርሳቸው ዘንድ በአካል ከተማሩት አንዱ ማሪያኖ ቪቶሪ የሚባል ጣልያናዊ ነው። እርሱም በ1552 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የግዕዝ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። በአገራችን መጻሕፍት እየነደዱ ሳሉ፣ አገር የሌላቸው ሦስት መነኮሳት በተውሶ ቤት ተቀምጠው በእሳት የማይጠፋ ነገር አደረጉ። አንድ ብራና ሲቃጠል አንድ መጽሐፍ ይጠፋል፤ የታተመው ግን በብዙ ከተማ ስለሚበተን አንዱ ቢነድ ሌላው ይተርፋል።

አባ ተስፋ ጽዮን መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ብዙ ዓመት አልኖሩም። በሮማ አቅራቢያ ባለችው በቲቮሊ ከተማ ዐረፉ። ወደ ደብረ ሊባኖስም አልተመለሱም። መታሰቢያቸው የተጻፈበት ድንጋይ የሚገኘው በዚያው እንግዳ ሆነው በገቡበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነው።

እርሳቸው ካለፉ በኋላ ቤቱ አልተዘጋም። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከአማራ ከመካነ ሥላሴ የመጡ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ቄስ በዚያው ቤት ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ይኖሩ ነበር። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወጣት ለጉዳይ ሮማ መጣ። ይህ ወጣት ግዕዝን ያለ አስተማሪ ከመጻሕፍት ብቻ ተምሮ፣ ከአገሩ ሰው አፍ ሰምቶት ግን አያውቅም ነበር። ወደ ቤቱ ሄዶ አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው። ወዳጅነታቸውም ጸና። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር ተጉዘው በጎታ ከተማ በመስፍኑ በኤርንስት ቤተ መንግሥት እንግዳ ሆነው ለሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ ያወቁትን ሁሉ ነገሩት፤ አማርኛንም አስተማሩት። ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ ግን በ1658 በእስክንድሮና ወደብ አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። ሉዶልፍ ከእርሳቸው በተማረው መሠረት በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስው አሳተመ። እኔ አሁን የምጽፍበት ቋንቋ በመጀመሪያ ሰዋስው ሆኖ በማተሚያ የወጣው፣ አንድ ወጣት ተጓዥ የአንድን የእንግዳ ቤት ደጃፍ ስላንኳኳ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትሁም።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ በዛሬው አውሮፓ ገንዘብ የሌለው ወጣት ተጓዥ የት ያድራል ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱ ያስደሰተኝ ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው። በ1909 ሪቻርድ ሺርማን የሚባል ጀርመናዊ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ማዕበልና ዝናብ ይዟቸው በአንድ የመንደር ትምህርት ቤት ውስጥ ገለባ ጎዝጉዘው አደሩ። በዚያች ሌሊት መምህሩ፣ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በዕረፍት ጊዜ ባዶ ስለ ሆኑ ለወጣቶች ማደሪያ ቢሆኑ ምን አለበት ብሎ አሰበ። በ1912 በአልቴና ከተማ በሚገኘው በጥንቱ ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉት ቤቶች በአውሮፓ ሁሉ ተስፋፉ፤ በ1932 በአምስተርዳም ከተማ ብዙ አገሮች ተሰብስበው ማኅበር አቆሙለት። ወጣቱ በጥቂት ገንዘብ አልጋ ያገኛል፤ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው አለ። አያቴ በሕይወት ኖረው ይህን ብነግራቸው፣ ገለባው ላይ ያደሩትን ተማሪዎች ወዲያው እንደሚያውቋቸው አልጠራጠርም።

የሮማውን ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ጊዜም የሚሄድ ሰው በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያገኘዋል። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ቤትም በ1919 በዚያው ተጀምሮ፣ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ በቫቲካን የአትክልት ቦታ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶለታል።

ታሪኩን ለእማሆይ አንድ ማታ ቡና ሲጠጡ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰሙኝና፣ መነኮሳቱ በጾም ጊዜ ሽሮ ከየት ያገኙ እንደ ነበረ ጠየቁኝ። ሳቅንና ዝም አልን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስንጨርስ እኛ ሦስታችን ከዚህ ጓዳ እንወጣለን፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባንም የሚደርሰንን ከተማ አናውቅም። በመስከረም ከመንደራችን ሁለት ልጃገረዶች ለዘጠነኛ ክፍል ይመጣሉ፤ አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። ሌላ ቤት ሳይፈልጉ ወደዚህ እንዲመጡ ለአባቷ መልእክት ልኬአለሁ። እማሆይም ባለፈው ቅዳሜ አናጢ አስጠርተው፣ ላልቶ የነበረውን የበሩን መወርወሪያ በአዲስ አስለወጡት።